መቃብሩ በሰው ማሳ ውስጥ ሲሆን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከወሎ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች ስለ መሬት የሚጠይቁት ይበዛሉ። ለዚህ እትም የመረጥናቸው በሌላ ሰው ይዞታ ውስጥ ስለቀሩ የቆዩ መቃብሮች የሚያነሡትን ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናል፤ የሰውና የጎጥ ስም አውጥተናል።

ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር እናስቀድም። በልማድ «የግል መሬት» የምንለው በሕግ ቋንቋ የግል ይዞታ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገበሬው እጅ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ይህ ሁለቱንም ወገን ይገታል። ባለይዞታው «የኔ ነው፣ ያሻኝን አደርግበታለሁ» ማለት አይችልም፤ መቃብር ያለውም «የአያቴ ርስት ነበር» ብሎ መሬቱን መጠየቅ አይችልም። ብዙውን ጊዜ በር የሚዘጋው ሬሳን በመጥላት ሳይሆን «ዛሬ በዱአ የመጣ ነገ በክስ ይመጣል» ከሚል ሥጋት ነው። ይህን ሥጋት ያልነካ ሽምግልና አይያዝም።

ጥያቄ (ከተሁለደሬ)፦ እንደምን ከረማችሁ። የአያቶቼና የሁለት አጎቶቼ ቀብር ያለው ከመሬት አዋጁ በፊት የቤተሰባችን በነበረ ማሳ ላይ ነው። የድሮው ባለይዞታ ደግ ሰው ነበሩ፤ በፈለግነው ቀን ገብተን ዱአ አድርገን እንወጣ ነበር። ልጃቸው ከተረከበ ወዲህ መግቢያውን በቁልቋል አጠረው። እርሻውም በየዓመቱ አንድ ሁለት ትልም ወደ ቀብሩ እየተጠጋ ነው። መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ አብሽሪ እኅታችን፣ መክሰስ ይቻላል። ግን በክስ አትጀምሩ፤ ክሱ የሚጠይቃችሁን ማስረጃ አስቀድማችሁ ማዘጋጀት አለባችሁና።

ያነሣሽው ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው። አንዱ የእርሻው መጠጋት፣ ሌላው የመግቢያው መዘጋት ነው። የመጀመሪያው ከባዱ ነው። ሆን ብሎ የሙታንን ማረፊያ ማርከስ ወይም ማፍረስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 493 ያስቀጣል፤ ለዚህም የመሬቱ ባለይዞታ መሆን መከላከያ አይሆንም። ቁልፉ «ሆን ብሎ» የሚለው ቃል ነው። ድንጋዩ ወድቆ፣ ሣር ውጦት፣ ወሰኑ ያልታወቀ መቃብርን ማረሻ ቢነካው «አላወቅሁም» የሚለው መልስ ሊያስኬድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መቃብሩን ማንም እንዲያውቀው ማድረግ ነው።

የሚደረገውም እንዲህ ነው። ባለይዞታው፣ አዋሳኞቹ፣ ቦታውን የሚያውቁ ሁለት ሦስት አረጋውያንና ከቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አንድ ሰው ባሉበት ቀን ቀጥራችሁ የቀብሮቹን ዳር ፈልጉ። ዙሪያውን ከመጨረሻው ድንጋይ ወደ ውጭ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ትታችሁ ችካል ምቱ። ይህ ትርፍ ለምቾት አይደለም፤ በሬ በማሳ ጫፍ ሲዞር ቦታ ስለሚፈልግ ወሰኑ ከድንጋዩ ጋር ከተጣበቀ በመጀመሪያው እርሻ ድንጋዩ ይገፋል። ርቀቱን በሜትር ለኩ፤ ቢያንስ ከሁለት ከማይንቀሳቀሱ ነገሮች፣ ለምሳሌ ከትልቅ ቋጥኝና ከቤት ማዕዘን፣ ለክታችሁ ጻፉት። የእጅ ስልክ የሚሰጠው የቦታ ነጥብ ሰማዩ ክፍት በሆነበትም ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ቦታውን ለማግኘት ይረዳል፣ ወሰን ለማካለል ግን አይሆንም።

መንገዱም በዚያው ቀን ይለካ። የሚመረጠው መንገድ አጭሩ ሳይሆን በማሳው ወሰን ላይ የሚዞረው ነው፤ አንድ ሃምሳ ሜትር ቢያስረዝምም ማሳውን ለሁለት አይከፍልም፣ ለአራሹም አይከብድም። ለእግረኛ አንድ ሜትር ይበቃል። ቃሬዛ በአራት ሰው ትከሻ እንዲያልፍ ከተፈለገ ሁለት ሜትር ያስፈልጋል። የእናንተ ለጉብኝት ብቻ ስለሆነ አንድ ሜትሩን ጠይቁ። ሁለት ከጠየቃችሁ «ልትቀብሩበት ነው» የሚለው ጥርጣሬ ይነሣል።

ከዚያ ሽምግልና ነው። የገጠር መሬት ሕጎቻችን ክርክር በቅድሚያ በስምምነትና በሽምግልና እንዲያልቅ ያበረታታሉ፤ በወሎ ደግሞ አበጋሮቹ (በልማድ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች) እና የቅሬው (የቀብር ዕድሩ) ዳኛ ከማንም በላይ ይሰማሉ። ቅሬው በተለይ ይጠቅማል፤ ባለይዞታውም አንድ ቀን ቀባሪ የሚፈልግ የቅሬ አባል ነው። ለሽማግሌዎቹ የምታቀርቡት ቃል ግን ይጻፍ፤ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሩም «በመሬቱ ላይ የይዞታ ጥያቄ የለንም፣ ወደፊትም አናነሣም» የሚል ይሁን። ይህን ሳይሰማ እጁን የሚዘረጋ ባለይዞታ ብርቅ ነው።

ስምምነቱ ሲጻፍ የሚረሱ ነገሮች አሉ። የክልላችን የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም ያለበት ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ የባል ፊርማ ብቻ ያለበት ስምምነት ሚስት ባወቀች ቀን ይፈርሳል። መሬቱ በእኩል የሚታረስ ወይም የተከራየ ከሆነ አራሹም ፊርማውን ያኑር፤ መንገዱን የሚያርሰው እሱ ነውና። የመቃብሩ ስፋት፣ የመንገዱ ወርድና መነሻ፣ የጉብኝት ቀኖች፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ሰብል ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል አንድ በአንድ ይግባ። በአራት ቅጂ ይሁን፦ ለባለይዞታው፣ ለእናንተ፣ ለቀበሌው ኮሚቴና ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት። የመጨረሻው ዋናው ነው። ባለይዞታው ሲሞት ወይም መሬቱን ለልጁ ሲያወርስ ወረቀቱ በወረዳው መዝገብ ከሌለ ወራሹ «አባቴ የሰጠው ቃል ነው፣ እኔ አልሰጠሁም» ይላል። የናንተም ችግር የመጣው እንዲሁ አይደል?

ሽምግልናው ካልያዘ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ባለይዞታ የሆነ ሰው ይዞታው ሲታወክ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ የሚያቀርበው ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት ከሁከቱ ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። የእናንተ ችግር ሌላ ነው፤ መቃብሩን መጎብኘታችሁ ብቻ ይዞታ ይባል እንደሆነ ያከራክራል። ስለዚህ በክሱ ላይ ያጠራችሁት፣ የጠረጋችሁት፣ ድንጋይ ያቆማችሁበት ማስረጃ ካለ ይዛችሁ ቅረቡ። ጠበቃ የምትፈልጉትም እዚህ ላይ ነው፣ ለሽማግሌዎቹ ስብሰባ አይደለም።

ጥያቄ (ከለጋምቦ)፦ እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ። በማሳዬ መሀል አሥር አሥራ አንድ የቆየ መቃብር አለ። ባለቤቶቹን ጥቂቶቹን አውቃለሁ፤ የቀሩትን አላውቅም። ማን ይምጣ ማን ይሂድ ሳላውቅ እህሌን ይረግጡታል። አንዳንዱ በግ አስከትሎ ይመጣል። መዝጋት እችላለሁ?

መልስ፦ ጨርሶ መዝጋት አይመከርም፤ ሥርዓት ማስያዝ ግን መብትዎ ነው። ቀኑንና መንገዱን ያስታውቁ፤ ጥፋት የሚያደርሰውን ካሣ መጠየቅም ይችላሉ።

የደጋ ወሎ ችግር በልግና መኸር መፈራረቁ ነው። በዝናብ መግቢያ የተዘራው የበልግ እህል በሰኔና በሐምሌ ሲታጨድ መኸሩ ይከተላል፤ ማሳው ባዶ የሚሆነው መኸሩ ተሰብስቦ በልግ እስኪዘራ፣ ባብዛኛው በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር ነው። «ሲታጨድ ኑ» ብቻ ቢሏቸው ዓመቱን ሙሉ አንድ ወር ነው የሚደርሳቸው፤ ያ አይጸድቅም፤ ዓመት የሚያወጣውና ዒድ የሚያከብረው ማሳው ባዶ እስኪሆን አይጠብቅም። ስለዚህ የሚሻለው መንገዱን በዘር ጊዜ ሳይዘራ መተው ነው። አንድ ሜትር ወርድና መቶ ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ መቶ ካሬ ሜትር ነው፤ ከአንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ላይ ከሃያ አምስት እጅ አንዱን ብቻ ነው የሚወስደው። ይህን ያህል የሚያጡትን ከመቃብሩ ላይ በሚታጨደው ሣር ማካካስ ይቻላል። የመቃብር ሣር ስለማይጋጥ ደኅና ይበቅላል፤ ባለቤቶቹ ሣሩን ለእርስዎ ከተዉ እርስዎ አጥር ቢጠብቁላቸው የተለመደ ውል ነው። ሲታጨድ በማጭድ ይሁን። በመቆፈሪያ ከተቆፈረ ድንጋዩ ይነቀላል፣ ከተቃጠለ ደግሞ ድንጋዩ ይሰነጠቃል።

ከብት አይግባ ማለት ይችላሉ። ከሁለቱም ሃይማኖት የሚመጣ ሰው ያከብረዋል፤ መቃብር ላይ በግ ማሠማራትን ማንም አይፈቅድምና። ለማያውቋቸው መቃብሮች የአካባቢውን መስጊድ ወይም ሰበካ ጉባኤ በስምምነቱ ወኪል አድርጉ፤ «ባለቤት የለውም» ብሎ ማረስ ግን አይቻልም።

ጥንቃቄ አለ፦ የመግቢያ ገንዘብ አይጠይቁ። ለተበላሸ ሰብል መቀበልና ለመግባት ማስከፈል በሰው ፊት አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛውን ካደረጉ ሽማግሌው ሁሉ ከእርስዎ ይሸሻል።

ጥያቄ (ከወረኢሉ)፦ አያቴ የተቀበሩበት ቦታ ላይ አባቴን ከጎናቸው መቅበር እችላለሁ? ማሳው የጎረቤት ነው።

መልስ፦ ያለ ባለይዞታው ፈቃድ አይችሉም። የመጎብኘት ፈቃድ የመቅበር ፈቃድ አይሆንም፤ አዲስ ቀብር የማሳውን አጠቃቀም ይቀይራል። ፈቃደኛ ቢሆንም የወሰኑ ስምምነት አስቀድሞ መጻፍና ቀበሌው ማወቅ አለበት። ባለይዞታው ሲያቅማማ ለቀስተኛ እየጠበቀ ክርክር መጀመር ትልቅ ውርደት ስለሚሆን፣ ጉዳዩን ሰው ታሞ ሳለ እንኳ አያንሡት፤ በደህና ጊዜ ያንሡት።

ጥያቄ (ከአሶሳ፣ ትውልድ አምባሰል)፦ ወላጆቼ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ሲወሰዱ አንድ ወንድሜና አያቴ እዚያው ቀርተው ሞተዋል። አባቴ ሳይሞቱ ቀብራቸውን ማየት ይፈልጋሉ። መንደሩ አሁን የለም፤ ቦታው ሁሉ ታርሷል ይባላል። በምን ይገኛል?

መልስ፦ ሰነድ ፍለጋ ላይ ብዙ ጊዜ አያጥፉ። በዚያ ጊዜ ብዙዎቹ የተቀበሩት በችኮላና ሳይመዘገቡ ነው። አንድ ላይ የተቀበሩም አሉ። የሚያገኙት ከሰው ነው።

ከመሄድዎ በፊት አባትዎን ይጠይቁና ይጻፉ፤ ከወንዙ በየት በኩል፣ ከቤታችሁ ስንት እርምጃ፣ የትኛው ዛፍ ሥር፣ በምን ወር (በክረምት የተቀበረ ቁልቁል ዳር አይመረጥም፣ ጎርፍ ስላለ)፣ ማን ማን ቆፈረ። የመንደሩን ስም ብቻ መያዝ አይበቃም፤ ሰፈሩ ስም ሲለወጥ የምንጩና የገደሉ ስም ይቀራል። ከዚያ በአካባቢው ያሉትን የቅሬ ዳኛ፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ያለውን ሰው፣ ደግሞም ያኔ ልጅ የነበሩ እረኞችን ይፈልጉ። እረኛ የሚያውቀውን የቀበሌ ሹም አያውቀውም።

መሬት ላይ ሲፈልጉ የሚታዩ ምልክቶች አሉ፦ በማሳ ውስጥ ሳይታረስ የቀረ ጉብታ፣ ከሌላው ተለይቶ የተከመረ ድንጋይ፣ ሞላላ የድንጋይ ክብ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ያለ ምክንያት ያልተቆረጠ ጥድ ወይም ወይራ፣ አንዳንድ ቦታ የተተከለ እሬት። እነዚህ ብቻቸውን ማረጋገጫ አይሆኑም። በተፋሰስ ሥራ ጊዜ የተለቀመ ድንጋይም ተከምሮ ይቀራል።

በአቅጣጫ መለየት የሚሞክሩ አሉ። ወሎ ውስጥ ይህ ያታልላል። ክርስቲያን ራሱን ወደ ምዕራብ እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቀበራል። ሙስሊም በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ቂብላ ያዞራል፤ መካ ከወሎ ስትታይ ከሞላ ጎደል በቀጥታ ሰሜን ስለሆነች የእሱም መቃብር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ይሆናል፣ ራሱ ግን ወደ ምሥራቅ ነው። ርዝመቱን ብቻ አይቶ የማን እንደሆነ መናገር አይቻልም ማለት ነው። ራስ የትኛው ጫፍ ላይ እንደሆነ የሚታወቀው በትልቁ ድንጋይ ነው፤ እሱም ከተነሣ ምንም አይቀርም። በተጨማሪ ወሎ ቤተሰብ ተቀላቅሎ የሚኖርበት አገር ነውና ሁለቱ በአንድ ጉብታ አጠገብ ላጠገብ መገኘታቸው አያስደንቅም።

ቦታው ሲገመት አይቆፍሩ። ለማረጋገጥ ተብሎ ትንሽ ጉድጓድ እንኳ መቆፈር ከባለይዞታውም ከሃይማኖቱም ከሕጉም ጋር ያጋጫል። በሻፊዒይ መዝሀብም አፅሙ ሙሉ በሙሉ አፈር መሆኑ ካልተረጋገጠ መቃብር መንበሽ (ቆፍሮ መክፈት) አይፈቀድም። ቁርጡ ካልታወቀ በአካባቢው ላሉት ሁሉ ዱአ አድርጎ መመለስ ይሻላል፤ ሽማግሌዎቹ ወደ እርስዎ ዘመድ በግምት አቅጣጫ ያሳዩ እንጂ «ይኸው እሱ ነው» ብለው እንዲምሉልዎ አይጫኗቸው።

ባለይዞታውን መጀመሪያ ሲያገኙ የሚነግሩት የመጣሁት ለአባቴ ነው፣ መሬት አልጠይቅም የሚለውን ነው። ከሰፈራ የተመለሰ ሰው መሬት ሊያስመልስ ነው የሚል ጥርጣሬ በየገጠሩ አለ።

ጥያቄ (ከቃሉ)፦ ከቤታችን በላይ ባለ ኮረብታ የአንድ ትልቅ ሸህ መቃብር አለ። ኮረብታው በጎረቤታችን ደብተር ላይ ተካቷል። በመውሊድና በሌላ ጊዜ ብዙ ሰው ለዝያራ (መቃብሩን ለመጎብኘት) ይመጣል፤ ወዳጃ (የጋራ ዱአ) ይደረጋል። አሁን ባለይዞታው ጠርዙን ባሕር ዛፍ ተክሎበታል። ምን ይደረግ?

መልስ፦ ወሎ ውስጥ እንደ ጀማ ንጉሥ፣ ዳናና ጌታ ያሉት ታላላቅ ቦታዎች ይታወቃሉ፤ የእናንተ ዓይነቱ ትንሽ ቦታ ግን በየኮረብታው ስለሚገኝ ካርታ ላይ እንኳ አይታይም። ችግሩ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሁለተኛው ደረጃ የይዞታ ደብተር ሲዘጋጅ የማሳ ወሰን ከአየርና ከሳተላይት ምስል ላይ ሲነሣ፣ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው መቃብር ራሱን ችሎ ካልተነገረ በቀር በዙሪያው ባለ ይዞታ ውስጥ ይገባል። ደብተሩ ላይ መግባቱ በራሱ መቃብሩን ማሳ አያደርገውም፤ ግን ማስረጃው ለባለይዞታው ያጋድላል።

ዝያራ ይገባል አይገባም የሚለው ክርክር የዚህ ዓምድ አይደለም። በአካባቢያችሁ ክርክሩ ካለ ግን ከመንገድ ጉዳይ ጋር አትቀላቅሉት፤ ከተቀላቀለ መንገዱ ይጠፋል።

ሦስት መንገድ አለ። ቀላሉ በተሁለደሬዋ እኅታችን መልስ ያልነው ጽሑፍ ነው። ከዚያ ከፍ የሚለው ቦታው በወል ይዞታነት ተለይቶ እንዲመዘገብ ለቀበሌው ኮሚቴና ለወረዳው ማመልከት ነው፤ በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 ሥር የሚሠራ ጽሕፈት ቤት ይህን የማየት ሥልጣን አለው። ባለይዞታው የሚያጣው ቦታ ስላለ ምትክ ወይም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ይግባኝ ይከተላል። ሦስተኛው መንገድ፣ ቦታው የቆየ ጉልላት፣ ጽሑፍ ወይም የድንጋይ ሥራ ካለበት፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማመልከት ነው። ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ባለቤቱ ወይም ባለይዞታው ያለ ፈቃድ አይነካውም፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 የተደነገገ ነው። ይህ መንገድ ግን ሁለት ፊት አለው። እናንተም ያለ ፈቃድ መጠገን፣ ግድግዳ መሥራት፣ ሲሚንቶ ማፍሰስ አትችሉም። ማኅበረሰቡ ይህን ሳያውቅ አመልክቶ በኋላ ሲቆጭ አይተናል።

ወቅፍ (ለሃይማኖት ወይም ለበጎ አድራጎት ለዘለቄታው የተሰጠ) የተባለ ቦታ ከሆነ የአካባቢው እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ያስፈልጋል። የሸሪዓ ፍርድ ቤትም የወቅፍን ጉዳይ ሁለቱም ወገን ከፈቀዱ ያያል።

ባሕር ዛፉን በተመለከተ፦ ሥሩ ከዛፉ ቁመት ሊበልጥ ርቀት ስለሚሄድ ከመቃብሩ ጋር ከተጠጋ የድንጋዩን ግንብ ይገፋል፣ ውኃም ይመጠጣል። ከመቃብሩ ጠርዝ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ ብላችሁ ድርድሩን ጀምሩ። የተተከለውን ችግኝ ለማዛወር የሚወጣውን ወጪ ጎብኚዎቹ ቢካፈሉ ባለይዞታው ቶሎ ይስማማል። ሕዝብ የሚበዛበት ቀን ደግሞ የመኪናና የፈረስ ማቆሚያ ቀድሞ ካልታወቀ ቀጣዩ ዓመት በር አይከፈትም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ለቤት መሠረት ስቆፍር አፅም አገኘሁ። ቆፋሪው «አውጥተህ ሌላ ቦታ ቅበረውና ቀጥል» አለኝ።

መልስ፦ አይቀጥሉ። ቆፋሪውን ያቁሙት፣ ያወጣችሁትን አፈር አይበትኑ፣ አፅሙን ከቦታው አያንሱ፤ በሸራ ይሸፍኑት፤ ጎርፍ እንዳይገባበት ዙሪያውን በአፈር ይክተሩ። ለፖሊስና ለቀበሌ ያመልክቱ። ፖሊስ የሚመጣው የቅርብ ጊዜ ሞት ወይም ወንጀል እንዳይሆን ነው። ሸክላ፣ ጌጥ፣ ብረት ወይም የተጠረበ ድንጋይ አብሮ ከተገኘ ደግሞ ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲደርስ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ በአዋጅ 209/1992 ግዴታ ነው።

መቃብር መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሃይማኖት አባት ይጠሩ። ወደ ሌላ መቃብር ማፍለስ ከተወሰነ በጸሎት ወይም በዱአ፣ በምስክር ፊት፣ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ከፈቀደ በኋላ ይሁን። በግልዎ ካወጡት ግን ከላይ ያነሣነው አንቀጽ በእርስዎ ላይ ይመጣል። የቤቱን ዲዛይን ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ጎን ማዛወር ብዙ ጊዜ ከሁሉም ርካሽ ነው።

መሬቱን መንግሥት ለመንገድ ወይም ለፋብሪካ የሚወስደው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ለመቃብር የሚከፈለው ካሣ በ1999 ከወጣው የካሣ ደንብ 135 ጀምሮ የተደነገገ ሲሆን፣ ድንጋዩን ለማንሣት፣ ሌላ ቦታ ለማዘጋጀት፣ አፅሙን ለማጓጓዝና ለሃይማኖታዊና ባህላዊ ሥርዓቱ የሚወጣውን ወጪ ይሸፍናል። ይህን የሚጠይቀው የሟች ዘመድ እንጂ የማሳው ባለይዞታ አይደለም፤ በምዝገባ ጊዜ ስማችሁን ካላስመዘገባችሁ ክፍያው ያልፋችኋል።

ጥያቄ (ከደሴ ዙሪያ)፦ የድንጋይ መቃብሮቻችን እያዘነበሉ ነው። ስሚንቶ ልናፈስስባቸው ነው፤ ትክክል ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ባይቸኩሉ። ባለይዞታው ከፈቀደም በኋላ የሚሠራው ሥራ በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ውኃ፣ አፈር፣ ድንጋይ። ብዙ ሰው በድንጋዩ ይጀምርና ገንዘቡን ያጣል።

መቃብር የሚያዘነብለው ከላይ የሚመጣ ጎርፍ ከሥሩ አፈር ሲወስድ ወይም ጥቁር መረሬ በበጋ ተሰንጥቆ በክረምት ሲያብጥ ነው። ስለዚህ ከመቃብሩ በላይ በኩል፣ ከጠርዙ 2 ሜትር ያህል ርቆ፣ ጎርፉን ወደ ጎን የሚቀለብስ ቦይ ይቆፈር፤ ሰላሳ ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ወርድ ለትንሽ ተዳፋት ይበቃል። የቦዩ መውጫ ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይሆን፤ ጎረቤቱ ማልዶ ይደፍነዋል። ቦረቦር ካለ ድንጋይ በመደርደር ማስቆም ያስፈልጋል፤ ለዚህ የመቃብሩን ድንጋይ እንዳይወስዱ ለሠራተኛው አስቀድመው ይንገሩ። በየዓመቱ በተፋሰስ ሥራ ጊዜ ብዙ የራስ ድንጋይ በእርከን ውስጥ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

የወደቀ የራስ ድንጋይ ሲቆም ከቁመቱ ሢሶው መሬት ውስጥ ይግባ። በሥሩ የጠጠርና የአፈር ድብልቅ በየዐሥር ሴንቲ ሜትር እየጠቀጠቁ ይሙሉ። ግንብ የሆነ ሥራ በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ ከሆነ በሲሚንቶ አይለስኑት፤ ሲሚንቶ ስለሚጠነክር እርጥበቱን ውስጥ ይዞ ያቆየዋል፣ ድንጋዩም በሦስት አራት ክረምት ውስጥ ከሲሚንቶው ጎን ይላቀቃል። ኖራ ካገኙ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ይበጥብጡ፤ ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑት፣ በፀሐይ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ጽሑፍ ያለበትን ድንጋይ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያጽዱ፤ የብረት ብሩሽና በረኪና ፊደሉን ይበላሉ። ቀለም መቀባት ትንሽ ቆይቶ ይላጣል፤ ብዙ ጊዜ ፊደሉንም ይዞት ይሄዳል።

በሙስሊሙ በኩል መቃብር ከመሬት ከስንዝር በላይ እንዳይነሣ የሚመከር መሆኑን ሸሆቻችሁ ይነግሯችኋል፤ ትልቅ ግንብ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ እነሱን ይጠይቅ።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ በመቃብር ላይ ያለውን ያረጀ ጥድ ባለይዞታው ሊቆርጠው ነው። ማን ይከለክለዋል?

መልስ፦ የአገር በቀል ዛፍ ስለሆነ የወረዳውን የአካባቢና የደን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ከመቁረጥ በፊት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ዛፉ ደርቆ ለሚያልፍ ሰው የሚያሠጋ ከሆነ መቁረጡ ትክክል ነው፤ ከቤተሰቦቹ ጋር ተመካክሮ፣ ከጎን ወዳለ ባዶ ቦታ እንዲወድቅ በገመድ ይዞ፣ ግንዱን ሳይነቅል ከመሬት ከፍ አድርጎ ይቁረጠው። ሥሩን መንቀል ከሥሩ ያለውን መቃብር ይዞት ይወጣል። የሚሸጠው እንጨት ዋጋ ለመቃብሩ አጥር እንዲውል ማስማማት የሽማግሌዎቹ ፋንታ ነው፤ ይህ አጀንዳ ዛፉ ከመውደቁ በፊት ይነሣ፣ ከወደቀ በኋላ እንጨቱ ያጣላል።